ሸማኔ፣ ሦስተኛ ደረጃ

እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ በዚህ በቀኝ እጄ፣
በወር መጨረሻ ከሒሳብ ክፍል ማልጄ፦
"አጉማስ ደረሰ። ሥራው ሸማኔ። ደረጃው ሦስተኛ።"
መዋሸቴን ያየ፣ ከቀለሜ በቀር፣ አልነበረም ዳኛ።
ሸማኔ! ድርና ማግ ለይቶ የማያውቅ፣
ማሽኑ ሲያጓራ ከበር የሚደበቅ።
እውነቱን ካላችሁ፣ ግራ እግሩ ነበረ የተቀጠረልን፤
የቀረው አካሉ እግሩን ተከትሎ የመጣ ነው መሰለን።

ሐሳቡን ያመጣው ሚስተር ሃርግሪቭ ነው፣
ማሽን ሊተክል መጥቶ ጣና ዳር የቀረው።
አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ዓሣ እየቀረጠፈ፣
የአያቱን ታሪክ በሰባራ አማርኛ እያጣደፈ፦
"ያኔ በእኛ አገር ለኳስ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው።
ፋብሪካው ግን አያቴን ፈለገው። ሸማኔ ነው
ብለው ጻፉት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልብሱን ሲቀይር፣
እግሩን ጫማው ውስጥ ሲከት ቀዝቀዝ ትለዋለች አንዲት የብር
ሳንቲም። ማን አስቀመጣት? ማንም። ከየት መጣች? እንጃ።"
ሥራ አስኪያጁ ሣቁ። እኔን አዩኝ። አልፈለግሁም ሌላ ማስረጃ።

ከዚያ ወዲያ፣ ጨዋታ ባለ ቀን፣
ዐሥር ብር አጥፌ፣ ደግሜ አጥፌ፣ ጣት እስክታክል ጠቅልዬ፣
ከግራ ጫማው ውስጥ እከታለሁ፣ ማንም አያይም ብዬ።
እሱም አይጠይቅ፣ እኔም አልነግረው፤
ካልሲው ሥር አድርጎ፣ ረግጧት ነው የሚጫወተው።

ሜዳችን ቀይ አፈር፣ አንዱ ጎኑ ደንገል።
ኳሷ ውሃ ስትገባ፣ ዳኛው ሰዓት ይዞ፣
ታንኳ እስኪያመጣልን ይቆማል ሜዳው ሙሉ ሰው ተክዞ።
አጉማስ ግን ከዳር ሆኖ ይጮኻል ለባለ ታንኳው፦
"በግራ! በግራ ቅዘፍ!" በግራ ነው ለሱ መንገድ የሚቀናው።
የድሬዎች በረኛ እስካሁን ይምላል ኳሷን አላየሁም ብሎ፤
ያየው አቧራውን ነው፣ እንደ ቀይ ጥጥ መረቡ ላይ ተንጠልጥሎ።

በአራተኛው ዓመት፣ መስከረም ሲጋመስ፣ ከደሴ በመጡት ጊዜ፣
ጉልበቱ ጮኸ። ከወንበሬ ሆኜ ሰማሁት፤
ደረቅ ደንገል ሲሰበር ነው ድምፁ።
ክሊኒክ ወስደው ጫማውን በመቀስ ቀደዱት፤
እግሩ አብጦ እምቢ ብሏል። ማንም ምንም አላገኘ ሲከፍቱት።

አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ፣ መነጽራም፣ ኳስ የማይወዱ፣
መዝገቤን ገልጠው በጣታቸው ወረዱ።
"ይሄ ሸማኔ የታለ? ሸማኔ ከሆነ ይሽመና!"
ውሸቴ እውነት ሆነች፣ ቁጥር አርባ አንድ ማሽን ላይ ቆመና።

ሃያ ስድስት ዓመት።
የቱ ጥጥ፣ የቱ ሽበት እንደሆነ እስኪጠፋ፣
ለሌሊት ፈረቃ አንዱ እግሩ ቀድሞት፣ አንዱ ዘግይቶ ሲለፋ።
አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ያንሶላ ጨርቅ። ግማሹ ከተማ
እሱ በሸመነው ተኝቶ ይነቃል፣ ስሙን ሳይሰማ።

ጡረታ ሲወጣ ቅጹን የሞላሁት ያው እኔ ነኝ።
"የሥራ ዓይነት" ይላል። ብዕሬ ቆመች።
"ሸማኔ በል እንጂ" አለኝ፣
"ሦስተኛ አይደለም ታዲያ። አንደኛ ደረጃ ነኝ።"

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ማታ ማታ ከዘንባባው ሥር
ቁጭ ብለን ውሃ እናያለን፣ ብዙም ሳንናገር።
ትናንት፣ ዓይኑን ከሻላዎቹ ሳያነሳ፣
"የደሴዎቹ ለት ጫማዬ ባዶ ነበር" አለኝ። "ረሳህ እንዴ?"
"አዎ" አልኩት፣ ሳልረሳ።

ያን ሳምንት ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ ነበር።
ቀይ ጫማ፣ ባለ ዘለበት፣ አይታ ከሱቅ በር
አልንቀሳቀስም አለች። ብሯ ካንድ ጫማ ወጥታ
ሌላ ጫማ ሆነች። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዛሬም ሄጃለሁ። ኪሴ ውስጥ ዐሥር ብር አለች፣
ታጥፋ፣ ደግማ ታጥፋ፣ ጣት አክላለች።
አጉማስ ግን ሸበጥ አድርጓል።
ሸበጥ ውስጥ ገንዘብ አይደበቅም።